ክረምት በሁለት ቦታ

ክረምት ሲባል የደጋ ሰው ጆሮ ቀድሞ የሚሰማው የዝናብ ድምፅ ነው። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ እስከ መስከረም መባቻ ተራራው በጉም ይሸፈናል፤ ወንዙ ይሞላል፤ መንገዱ ይጨቀያል፤ ሰውም እንደ ወቅቱ ወደ ቤቱና ወደ ምድጃው ይጠጋል። በሆለታ ገነት ዕጩ መኮንን ሳለን የምናውቀው ክረምት ይህ ነበር። ጎህ ሳይቀድ በፉጨት ተነሥተን፣ ጭቃው የጫማችንን ክብደት እጥፍ እያደረገው ስንሮጥ፣ “ምነው ይህ ወቅት ቶሎ ባለፈ!” ያላልንበት ቀን አልነበረም። ያን ጊዜ ግን መነሣትና አለመነሣት የምርጫ ጉዳይ አልነበረም። ፉጨቱ ይነፋል፤ ሰልፉ ይጠብቃል፤ የቀረ ስሙ ይጠራል። ሰው በገዛ ፈቃዱ ከመኝታው መነሣት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የተረዳነው ፉጨት ወደማይሰማበት ቦታ ከሄድን በኋላ ነው።

ያ ቦታ ጅቡቲ ከተማ ነው። ባለፈው ዓመት ከግንቦት መግቢያ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ለሥራ ተመድበን እዚያ ቆይተን ነበር። የሥራውን ነገር እዚህ ማንሣት አስፈላጊ አይደለም፤ ዓምዱም የቤተሰብ ዓምድ ነው። ለማንሣት የምንፈልገው በእነዚያ ወራት በገዛ አካላችንና በገዛ ቃላችን ላይ የደረሰውን ነው። ወቅቱ ፊቱን ሲያዞርበት ሰው እንዴት አድርጎ ሰውነቱን ከእንቅስቃሴ፣ መንፈሱንም ከትጋት ሳያቋርጥ ይቆያል? ይህን ጥያቄ በሥራችን ጠባይ ለሠራዊቱ አባላት ደጋግመን መልሰናል። በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመን ስንመልሰው እጅግ ቀላል ነበር።

ከድሬዳዋ የተሳፈርንበት ባቡር ናጋድ ጣቢያ ደርሶ በሩ ሲከፈት የተቀበለን አየር የዳቦ ምድጃ ክዳን ሲነሣ ፊትን እንደሚገርፈው ዓይነት ነበር። “ይህ ገና መጀመሪያው ነው” አለን ሻንጣችንን የተቀበለን የአገሩ ሰው በተሰባበረ አማርኛ። እውነቱን ነበር። በጅቡቲ ከተማ በጥር ወር የቀኑ ሙቀት 28 ወይም 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ ማታ ማታ ባሕር ዳር ወጥቶ ይንሸራሸራል፤ ኳስ ይጫወታል። በሐምሌ ግን ቀኑ በአማካይ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሌሊቱም ከ30 ዲግሪ እምብዛም ዝቅ አይልም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከምዕራብ በኩል ካምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋና አቧራ ተሸክሞ ይመጣል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ እነዚህ ወራት ደጋው በዝናብ የሚታጠብባቸው እነዚያው ወራት ናቸው። በባቡር ሐዲድ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ በሚራራቁ ሁለት ከተሞች አንዱ ሕዝብ ከዝናብ፣ ሌላው ከእሳት ሸሽቶ ቤቱን ይዘጋል። የጅቡቲም ክረምት፣ ክረምት ካልነው፣ ይኸው ነው።

የከተማው ውሎ ራሱ በሙቀቱ የተቀረጸ ነው። ማለዳ ገበያው ይጦፋል፤ ዛሬም ብዙ ሰው “ሜኔሊክ” እያለ የሚጠራው፣ ከነፃነት በኋላ ግን በይፋ ሰኔ 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. የሚለውን የነፃነት ቀን ስም የተሰጠው አደባባይ በሰውና በታክሲ ይሞላል። ቀትር ላይ ከእኛው አገር የሚሄደው ጫት ይደርሳል፤ ሱቁ ይዘጋል፤ ሰዉ ወደየጥላው ይገባል። በእኛ አቆጣጠር በስምንት ሰዓት ወደ አደባባዩ የሚመጣ እንግዳ ከተማው የተፈታ ይመስለዋል። በምሥራቅ በኩል ያለው የባሕር ዳርቻም “ሲየስታ” ይባላል። ትርጉሙ የቀትር እንቅልፍ ማለት ነው። ለስንፍና የሚመች ስም የተሰጠው የእግር መንገድ በዓለም ላይ ሌላ መኖሩን እንጃ።

ከቤት ስንነሣ ልጃችን የአርባ ቀን ሕፃን ነበረች። ባለቤታችን ገና አራስ ናት። እናቷ እስከ ሰኔ ድረስ አብረዋት ቆይተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ክረምቱ ገባ። በጦር ሰፈሩ ቤታችን መስኮት ፊት ለፊት ቆማ ዝናቡን ከጠዋት እስከ ማታ ማየት ሥራዋ ሆነ። በስልክ ስናነጋግራት “ደህና ነኝ” ትለናለች፤ ድምፅዋ ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። አንድ ቀን የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከልጅቷ ጋር በየቀኑ ከቤት ወጥታ እንድትራመድ እንደመከሩቻት ነገረችን። “በዚህ ጭቃ?” አለች። ያን ጊዜ፣ ሌላ የምንሰጣት ነገር ስላልነበረን፣ ቃል ሰጠናት። የሁለቱ አገር ሰዓት አንድ ነው። በየማለዳው በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እሷም እኛም ከቤት እንወጣለን፤ ለግማሽ ሰዓት እንራመዳለን፤ ስንመለስ አንድ ቃል እንላላካለን፤ “ወጥቻለሁ” የሚል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። በቀን ግማሽ ሰዓት ለአምስት ቀን ቢራመዱ ይሞላል። ይኸው መመሪያ ስለ ወለዱ እናቶች ለብቻ የሚናገርበት ክፍል አለው፤ እንቅስቃሴ ከወሊድ በኋላ የሚመጣውን ድባቴ እንደሚያቀልል ይጠቅሳል። ይህን ያነበብነው ግን ዘግይተን ነው። በወቅቱ የመሰለን የአንዲት ወጣት እናት መሰላቸትን ለማስታገስ የተደረገ ጨዋታ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ቃላችንን ጠብቀናል። ጎህ ሲቀድ ሲየስታ ዳርቻ እንደርሳለን፤ ባሕሩ አንዳንድ ቀን እስከ መንገዱ ሞልቶ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ርቆ ሄዶ ጭቃማ አሸዋ ብቻ ትቶ እናገኘዋለን። ሰውነታችን መጀመሪያ ላይ አመፀ። በአምስት ደቂቃ ልብሳችን በላብ ይርሳል፤ ላቡ ግን አይደርቅም፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ነውና። ላብ ሰውን የሚያቀዘቅዘው ሲተንን ነው እንጂ ሲንጠባጠብ አይደለም። የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ፓሪስ አይላንድ በተባለው የምልምሎች ማሠልጠኛው ብዙ ወጣቶች በሙቀት እየወደቁ ስላስቸገሩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሙቀትን የሚለካበትን መንገድ ለወጠ። የአየሩን እርጥበት ከሚያሳየው ቴርሞሜትር ከአሥሩ ሰባት እጅ፣ የፀሐይን ጨረር ከሚቀበለው ሁለት እጅ፣ ከተራው ቴርሞሜትር ደግሞ አንድ እጅ ብቻ ወስዶ በመደመር የሥልጠናውን ሰዓት ይወስን ጀመር። አደጋው ሲበዛ ጥቁር ባንዲራ ይሰቀላል፤ ሥልጠናው ይቆማል። ወታደሩ ሁሉ ሙቀትን በድፍረት ማሸነፍ እንደሚቻል ያምን በነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ሰውነት ግን ይማራል። በየቀኑ በጥቂቱ ለሙቀት የተጋለጠ ሰው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለወጣል፤ የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል፤ ላብ ቀድሞ ይመጣል፤ በላቡ የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፤ ልቡም በዚያው ሥራ ላይ ቀድሞ ከነበረው ያነሰ ይመታል። በእኛም ላይ ይህንኑ አይተነዋል። በሦስተኛው ሳምንት ግማሹን ሰዓት በእርምጃ ሳይሆን በሶምሶማ እንጨርሰው ነበር። ይህ ያገኘነው ለውጥ እንደ ደሞዝ ጭማሪ የማይነካ መስሎን ነበር። ዳሩ ግን ከሙቀት ርቆ በጥቂት ሳምንታት የሚጠፋ ነገር ኖሯል።

ባለቤታችን በየቀኑ አንድ ጥያቄ ነበራት። ባሕር አይታ አታውቅም። “ዛሬ ባሕሩ ምን ይመስላል?” ትላለች። እኛም እንነግራታለን፤ ሞልቷል፣ ጎድሏል፣ ሮዝ ቀለም ያላቸው ወፎች ቆመውበታል እንላታለን። እሷ ደግሞ የእሷን ትነግረናለች። ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላ፣ ቦቲ ጫማ ተጫምታ፣ በጃንጥላ ሥር ከሰፈሩ በር እስከ ወፍጮ ቤቱ ትሄዳለች። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤታችን እትዬ፣ የአንድ ነባር ሃምሳ አለቃ ባለቤት፣ “ብቻሽን አትሂጂ” ብለው አብረዋት ወጡ። ቀጥሎ ሌሎች ሁለት ሴቶች ተጨመሩ። ዝናቡ ጃንጥላ በማይመልስበት ቀን በእትዬ በረንዳ ላይ ተሰብስበው ገመድ እንደሚዘሉ ስትነግረን ድምፅዋ ከጉድጓዱ ወጥቶ ነበር።

በሐምሌ ካምሲን ነፈሰ። አንድ ማለዳ መስኮቱን ስንከፍት አቧራው ዓይናችንን ሞላው፤ ዘጋነው። የክፍላችን ማቀዝቀዣ እንደ ሆለታ ሌሊት ቀዝቃዛ ነበር። “ዛሬ ለአንድ ቀን” ብለን ተመልሰን ተኛን። ስንነሣ የእሷ “ወጥቻለሁ” ከስልካችን ላይ ይጠብቀናል። ያልወጣንበትን ምክንያት መጻፍ ረጅም መሰለን። “ወጥተናል” ብለን ጻፍን።

በዚህ ዓምድ ልማድ “እኛ” እያልን እንጻፍ እንጂ ውሸቱን የጻፈው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ይህን አንባቢ ይያዝልን።

አንዱ ቀን ሁለት ሆነ፤ ሁለቱም አምስት ሳምንት ሆነ። ነገሩ እንዲህ በቀላሉ መሄዱ እስከ ዛሬ ያስገርመናል። መጀመሪያ የጠፋው ጉልበታችን አልነበረም፤ ጉልበት እንዳለን ነበር። የጠፋው ከበሩ እስከ ደረጃው ያለችው የመጀመሪያዋ እርምጃ ናት። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ በዛ፤ ምግብ በዛ፤ የቀበቶ ቀዳዳ ተለወጠ። ከሁሉም የከፋው ግን ባሕሩ ነበር። እሷ መጠየቋን አላቋረጠችም፤ እኛም ሳናየው በየማለዳው ባሕር እንፈጥርላት ጀመር። “ሞልቷል፤ ያምራል” እንላት ነበር። እሷም ይህንኑ ለእትዬና ለሌሎቹ በመንገድ ላይ ትተርክላቸዋለች።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን እንዲህ አለችን። “ዛሬ ፈጽሞ መነሣት አልፈለግሁም ነበር። ሌሊቱን ልጅቷ አልተኛችም፤ ዝናቡም ይወርዳል። በኋላ አንተን አሰብኩህ። እሱ በዚያ እሳት ውስጥ ከወጣ እኔ በዝናብ ምን ይለኛል ብዬ ተነሣሁ።”

ያን ቀን ምሳ አልበላንም። ጸጸት መልካም ነገር ነው ይባላል፤ ነገር ግን ጸጸት ቴርሞሜትር አያነብም። በዘጠኝ ሰዓት ከቀትር በኋላ፣ የከተማው ሰው ሁሉ በጥላው ሥር ባለበት ሰዓት፣ የአምስት ሳምንቱን ዕዳ በአንድ ቀን ለመክፈል ጫማችንን አጥልቀን ወደ ሲየስታ ሮጥን። ቅጣት መሆኑ ነው። ነፋሱ ደረቅ ስለነበረ ላባችን ገና ሳይታይ ይተንን ነበር፤ እኛም ያላበን አልመሰለንም። ሩብ ሰዓት ያህል እንደሮጥን ራሳችንን መታን፤ ብርዱም መጣ፤ አዎን፣ በዚያ እሳት ውስጥ ብርድ ብርድ አለን። ከዚያ የምናስታውሰው በአንድ የግንብ ጥላ ሥር ተቀምጠን ውሃ በአንገታችን ላይ ሲፈስ ነው።

“ምን ዓይነት ሰው ነህ ልጄ?” የሚል አማርኛ ከላያችን ሰማን።

ውሃውን የሚያፈስሱት በአቅራቢያው ባለ ግቢ የጥበቃ ሥራ ያላቸው አረጋዊ ነበሩ። የቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ባልደረባ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ከአገር የወጡት መርከቦቻችን ከየመን ዞረው መጨረሻቸው ይኸው የጅቡቲ ወደብ መሆኑን፣ እ.ኤ.አ. በ1996ም ለወደብ ዕዳ በሐራጅ መቅረባቸውን አንባቢ ያስታውስ ይሆናል። መርከቦቹ ሲሸጡ ሰዎቹ ወደየአቅጣጫው ተበተኑ፤ እኚህ ጋሼ እዚያው ቀሩ። አግብተው ወልደዋል። ስኳር አለባቸው፤ ከግራ እግራቸው ሁለት ጣት ተቆርጧል። የአገሩ ሰው ሁሉ በነጠላ ጫማ ሲሄድ እሳቸው ብቻ በዚያ ሙቀት ሽፍን ጫማ በካልሲ ያደርጋሉ፤ ሐኪም አዝዟቸዋል፤ ቁስል ቢነካቸው አይሰማቸውምና።

ጃኬት የሚያህል እርጥብ ፎጣ በራሳችን ላይ ጣሉብን፤ ጥቂት ጨው የገባበት ውሃ በትንሽ በትንሹ አጠጡን። “አንድ ጊዜ አትጋተው” አሉ። ከዚያም የት እንደምንሠራ፣ ስንት ዓመታችን እንደሆነ ጠየቁን። መኮንን መሆናችንን ስንነግራቸው ለጊዜው ዝም አሉ። “እኔ የምወጣው በሌሊት አሥር ተኩል ነው። ማታ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ። በዚህ ሰዓት ውሻም አይሮጥ። ማን አዘዘህ?” አሉን። ማን እንዳዘዘን መንገር አፈርን። በኋላ ግን ነገርናቸው። ሁሉንም፣ ባሕሩንም ጨምረን።

ስለ ሚስትና ባል አንዳች ነገር አላሉም። “ባሕሩን ምን ብለህ ነበር የምትነግራት?” ብለው ብቻ ጠየቁ።

“ሞልቷል እያልን።”

“በየቀኑ? በአንድ ሰዓት?” ሳቁ። “የባሕር ሙላት በየቀኑ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል እኮ። ጨረቃን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ዛሬ ጠዋት በአሥራ አንድ ተኩል የሞላ ባሕር በሳምንቱ በዚያው ሰዓት ጎድሎ ነው የሚገኘው።”

የዚያኑ ማታ ደወልን። መናገር ያሰብነው በሥርዓት የተደረደረ ነበር፤ የወጣው ግን ተራ ቃል ነው፤ “ከሐምሌ መጀመሪያ ጀምሮ አንድም ቀን አልወጣንም።” በስልኩ ውስጥ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማል። ብዙ ጊዜ ዝም አለች።

“ጠርጥሬ ነበር” አለች በመጨረሻ። “የእትዬ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ባሕር ስለ ጨረቃ ይሞላል ይጎድላል ብሎ መጽሐፉን አሳይቶናል። ያንተ ባሕር ግን አምስት ሳምንት ሙሉ ሞልቶ ያድራል። አልጠየቅሁህም።” ቀጥላም፣ “ታዲያ እኔ የወጣሁት ለማን ኖሯል?” ብላ ስልኩን ዘጋች።

ሦስት ቀን አልጻፈችልንም። በእነዚያ ቀናት የፈራነው መታረቅ አለመታረቃችንን አልነበረም። የፈራነው እሷም ከመስኮቱ ፊት ተመልሳ እንዳትቆም ነበር። ሰኔ ላይ ከአልጋዋ ለመነሣትም ልጇን ለማቀፍም ያልፈለገችባቸው ማለዳዎች እንደነበሩ፣ ነርሷም የመከረቻት ስለ መሰላቸት ሳይሆን ስለዚህ እንደነበረ ኋላ ነው የነገረችን። እኛ በጨዋታ የያዝነው ቃል እሷን በእግሯ ያቆመ ምርኩዝ ነበር። ምርኩዙ ባዶ መሆኑን የነገርናትም እኛው ነን። ለእትዬ ደወልን። “ልጄ፣ እሷማ ትወጣለች” አሉን እትዬ። “ዛሬ እንዲያውም እስከ ድልድዩ ወሰደችን። ምን አድርገሃት ነው እንዲህ የምትፈጥነው?”

በአራተኛው ቀን አንድ ቃል መጣ፤ “ወጥቻለሁ።”

እኛም በዚያው ማለዳ ወጥተን ነበር፤ ከጋሼ ጋር፣ በሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል። የመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃ ብቻ አስኬዱንና “ይበቃሃል፤ ነገ ና” አሉን። ተቃወምን። “አምስት ሳምንት በማቀዝቀዣ የተኛ ሰው ትናንት ከባቡር እንደወረደ ነው” አሉ። ሁለተኛው ቀን አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ሦስተኛው አሥራ አምስት። ይህን ያህል የዘገየ ሥልጠና በሕይወታችን ወስደን አናውቅም፤ የሚያሳፍርም ነበር። ነገር ግን ደስ የሚለው፣ ነገ መቅረት የሚያስመኝ ክብደት አልነበረውም። የሚጠብቀን ሰው ደግሞ በግንቡ ጥግ በጨለማ ቆሟል። ፉጨት የለውም፤ ስምም አይጠራም፤ ዝም ብሎ ይቆማል። ብንቀር ግን የቆመበትን እናውቃለን።

ጋሼ በመንገድ ላይ የሚያወሩት ስለ ሩጫ ነው። ጅቡቲዎች በሚኮሩበት በአሕመድ ሳላሕ እሳቸውም ይኮራሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 በሂሮሺማ በተደረገው የዓለም የማራቶን ዋንጫ 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ሮጦ አንደኛ የወጣው፣ የአገሩም ልጅ ጃማ ሮብሌ ሦስተኛ ሆኖ የተከተለው ያ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ለአገሩ ብቸኛ ሆኖ የቀረውን የኦሎምፒክ ሜዳልያ፣ ነሐሱን፣ አምጥቷል። “ከዚህ ምድጃ የወጣ ሰው ነው” ይላሉ። እኛም አበበ ቢቂላን እንጠራለን፤ አንዱ የሌላውን ጀግና ሳይጠራ አንድ ኪሎ ሜትር አያልፍም። ስለ አበበ ብዙ ተጽፏል። እኛ ያን ሰሞን የታየን ግን ቀኑ ነው። የሮሙ ማራቶን የተሮጠው እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ መሆኑ ነው። እንግዲያው ያ የክብር ዘበኛ ወታደር ለውድድሩ የተዘጋጀባቸው የመጨረሻ ወራት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው፤ የአዲስ አበባ ዝናብና ጭቃ የሚበረታባቸው። የሮም ሰዎችም የቀኑን ሙቀት ሸሽተው ውድድሩን በአመሻሽ ላይ አስጀምረው በችቦ ብርሃን አስጨረሱት። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ቆሙ። “አየህ፣ እነሱም ሰዓት መርጠዋል” አሉ።

መስከረም ሲጠባ ነፋሱ ቆመ፤ እርጥበቱ ተመለሰ። ጥቅምት ሲገባ ማታ ማታ ባሕር ዳር የሚወጣው ሰው መብዛት ጀመረ። የውጭ አገር ወታደሮችም በብዛት ይሮጡ ጀመር፤ ጅቡቲ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የኢጣልያና የቻይና የጦር ሰፈሮች በአንድ ላይ የሚገኙባት ከተማ ናትና የሯጭ ዓይነት አይጠፋም። በቀዝቃዛው ወቅት፣ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ ገደማ፣ ግራንድ ባራ በተባለው የደረቀ የሐይቅ ሜዳ ላይ የ15 ኪሎ ሜትር ውድድር አለ ሲሉ ሰምተን ለመሳተፍ ተመኝተን ነበር፤ የሥራ ጊዜያችን ግን ከዚያ በፊት አለቀ። የመጨረሻውን ማለዳ ከጋሼ ጋር ግማሽ ሰዓት ተጓዝን። ባሕሩ ጎድሎ ነበር። በስልካችን ፎቶግራፍ አንሥተን ለባለቤታችን ላክንላት፤ ጭቃና ጥቂት ወፎች ብቻ። “ይህኛው እውነት ይመስላል” ብላ መለሰችልን።

ቤት የደረስነው በጥቅምት ውርጭ ነው። በማግሥቱ ማለዳ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ቦቲ ጫማዋን ስታጠልቅ ሰማናት፤ ጭቃው ቢደርቅም ያንኑ ጫማ ነው የምታደርገው፤ ለምዳዋለች። አልቀሰቀሰችንም። ጫማችንን አድርገን ስንወጣ አራቱ ሴቶች በሰፈሩ በር ተሰብስበዋል፤ ልጃችን በእናቷ ጀርባ በጋቢ ተጠቅልላ ተኝታለች። ሰላምታ ተለዋውጠን ተከተልናቸው። እስከ ወፍጮ ቤቱ ጎን ለጎን ሄድን። ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያለውን አቀበት ሲይዙት ግን ወደ ኋላ ቀረን፤ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ካለው አየር ለስድስት ወር ርቀን ነበርና ትንፋሽ አጠረን። ይህን ምክንያት ለእትዬ ለማስረዳት ሞከርን። እትዬ እስከ መጨረሻው አልሰሙንም።

“መቶ አለቃ” አሉን ከላይ ሆነው፣ “ነገ አብረኸን የምትወጣ ከሆነ በሰዓቱ ድረስ። የሚጠብቅ የለም።”

በማግሥቱ ሩብ ሰዓት ቀደም ብለን በሩ ላይ ቆምን።